ስድስት ቀን ደብረ ብርሃን፣ ለአንዲት «ሐ»

ይህ ከ2011 ዓ.ም. የኅዳር ማስታወሻዬ የወሰድኩት ነው። ጥቂት ቦታ አስተካክዬዋለሁ። የሰዎቹን ስም ሆን ብዬ አልጻፍኩም፤ ሰፈሩ ትንሽ ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ላምበረት መናኸሪያ የደረስኩት ከጧቱ 1 ሰዓት ነው። ረዳቱ «ደብረ ብርሃን! ሞላ፣ ሞላ!» እያለ ይጮኻል። ውስጥ ሦስት ሰው ተቀምጧል። በመናኸሪያ ቋንቋ «ሞላ» ማለት «እንዲሞላ እርዱኝ» ማለት ነው። 2 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን።

ጉዳዬ የቤት ጉዳይ ነው። እናቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆኗታል፤ ቤቱ ግን እስካሁን በስሟ ነው። እህቴ ዱባይ ስለሆነች በቆንስላው በኩል ውክልና ልካልኛለች፤ ውጭ ጉዳይ ሄጄ አረጋግጫለሁ። የወራሽነት ማስረጃውም ከፍርድ ቤት ወጥቷል። የቀረኝ ስም ማዛወር ብቻ ነው ብዬ ነው የወጣሁት። «ብቻ» የምትባለውን ቃል ወደ ቢሮ ሲሄዱ ቤት ጥሎ መሄድ ይሻላል።

ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ፣ አለልቱ እያልን ሸኖ ደረስን። ሸኖ ላይ ለጋ ቅቤ ሳይጠይቅ የሚያልፍ መኪና የለም። ከፊቴ የተቀመጡት እናት በመስኮት በኩል ቅቤውን በጣት ነክተው አሸተቱ፤ ፊታቸውን አጨማደዱ፤ መልሰው አሸተቱ። «የትናንት ነው» አሉ። ሻጯ «የዛሬ ጧት ነው እትዬ፣ በሞቴ!» አለች። ሹፌሩ ሞተር ሲያስነሳ ዋጋው ወረደ። የመንገድ ላይ ገበያ ዳኛው ሹፌሩ ነው።

ጫጫን ስናልፍ መስኮቱ ሁሉ ተዘጋ። ሜዳው ላይ ገብሱ ገሚሱ ታጭዶ ተከምሯል፣ ገሚሱ ገና እየታጨደ ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብትርቅ ነው፤ ግን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ብሎ ነው ከተማ ያደረጋት ይባላል። ብርሃኑን ባላየውም ብርዱን መስክሬያለሁ። (እዚህ መጣሁ ባልኩ ቁጥር የጎንደሩን ደብረ ብርሃን ሥላሴ እያሰበ «ሥዕሎቹን አየሃቸው?» የሚለኝ ሰው አላጣም።)

ቤታችን እንዳለ ነው። ሁለቱን ክፍል አንድ የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ ተከራይቶታል፤ ለኔ ጓሮ ያለችው ክፍል ቀርታለች። አጥሩ ጥግ የኩበቱ ክምር ከነክዳኑ ቆሟል። የጎረቤታችን እማማ ነው። እማማ ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ በገል ፍም ይዘው መጡ። «ብርዱ እንዳይጨርስህ ብዬ ነው» አሉኝ። ሰላምታውም ያው ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

ጧት ሣሩ ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ቢሮው በር ላይ የተገኘሁት 2 ሰዓት ተኩል ነው። የትኛው ቢሮ እንደሆነ አልናገርም፤ እንደሱ ያለ በየከተማው አለ።

መስኮቱ ጀርባ ያለችው ልጅ በጃኬቷ ላይ ጋቢ ደርባለች። ትሑት ናት። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ ጣቷን አንዱ ላይ፣ ከዚያ ሌላው ላይ አሳረፈች።

«ጋሼ፣ እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው።»

«አንድ ናት። እናቴ ናት።»

«ለእርስዎ አንድ ናቸው። ለፋይሉ ሁለት ናቸው።»

በእናቴ ስም ውስጥ አንዲት «ሐ» አለች። የቤቱ ካርታ ላይ «ኀ» ተብላ ተጽፋለች። የሞት የምስክር ወረቀቱና የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ላይ «ሐ» ናት። ኪሴ ውስጥ ያለው የድሮ የቀበሌ መታወቂያዋ ደግሞ «ሀ» ይላል፤ እሱን አላወጣሁትም። ለጆሮ ሦስቱም አንድ ናቸው። አማርኛ ስንናገር ማንም አይለያቸውም። ቢሮ ግን በጆሮ አይሠራም።

መፍትሔው ይህ ነው፦ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው ስለመሆናቸው ቀበሌው በሦስት ምስክር ደብዳቤ ይጻፍ። ቀጥላ ኮምፒውተሯን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የቤትና የቦታ ግብርም የሦስት ዓመት አልተከፈለም» አለችኝ። ይሄኛው የኔ ጥፋት ነው። ተከራዩ ይከፍላል ብዬ ነበር፣ ተከራዩም እኔ እከፍላለሁ ብሎ። ከነቅጣቱ ከፈልኩ፤ ቆጨኝ፤ ግን ማንን ልውቀስ?

ቀበሌ ሄድኩ። ቀበሌው ደግሞ ምስክሮቹ የሰፈሩ ነባር ነዋሪ ስለመሆናቸው እድሩ ይጻፍ አለ። ለሁሉም ፎቶ ኮፒ ያስፈልጋል። መብራት የለም። ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ስምንት ሰው ፋይሉን ብብቱ ሥር ይዞ ፀሐይ ይሞቃል። ማንም አልተናደደም። አንዱ ስለ ሜቴክ ያወራል፤ ያን ሰሞን ሁሉም ስለ ሜቴክ ነው የሚያወራው። መብራት ሲመጣ ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሚካኤል። የእድሩን ጸሐፊ ፍለጋ ጧት ወጣሁ፤ «ዛሬ ሚካኤል ነው እኮ!» ተብዬ ተመለስኩ። ልክ ነው፣ ማን በዚህ ቀን ደብዳቤ ይጽፋል።

ከየግቢው ጭስ ተነስቷል። ኅዳር ሲታጠን ነው። ሰው ጓሮውን ይጠርጋል፣ ቆሻሻውን በር ላይ ይከምራል፣ ያቃጥላል። እኔም የእናቴን ጓሮ ጠረግሁ። የአራት ዓመት ቆሻሻ ነበር፤ የተሰበረ ወንበር፣ የበሰበሰ ሰሌን፣ ብዙ ፌስታል።

እማማ ከኩበታቸው እሳቱ እንዳይደርስ እየጠበቁ አጠገቤ ቆሙ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የገባ ጊዜ የእናታቸው ታላቅ ወንድም አዲስ አበባ ነበሩ አሉ። አልተመለሱም። ልክ 100 ዓመቱ ነው ዘንድሮ። በዓለም ሁሉ የዞረው ጉንፋን አዲስ አበባ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ጨርሷል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነው የዳኑት። «ቀባሪ ጠፋ ትል ነበር እናቴ» አሉ እማማ። «ሰው ሞቶ ቀባሪ ሲጠፋ ታየህ?»

ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። ድሮ የሚታጠነው ቅጠልና ጨርቅ ነበር፤ አሁን ፌስታልና የሃይላንድ ጠርሙስ ነው፣ ሽታው ሌላ ነው። የባህሉን ዓላማ የሚያፈርስ ነገር እያጤስን መሆኑን ለማንም አልተናገርኩም። የራሴ ክምር ውስጥም ነበረ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13

የእድሩን ጸሐፊ አገኘኋቸው። ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ይላቸዋል። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ደብዳቤውን ለመጻፍ አላመነቱም፤ የእድሩ ዳኛ ፊርማ ግን ያስፈልጋል። ዳኛው ከሰዓት በኋላ የመንገድ ስብሰባ ላይ ናቸው። «እዚያው እንሂድ፣ እዚያው ያስፈርሙልሃል» አሉኝ። አልፈረሙም። ግን ስብሰባውን በማየቴ አልተጸጸትኩም።

የስብሰባው ጉዳይ የሰፈራችን ውስጥ ለውስጥ መንገድ ነው። ኮብልስቶን ሊነጠፍ ነው። በደብዳቤ ላይ ሲሆን «ጌጠኛ ድንጋይ» ይባላል፤ በአፍ ግን ጌጠኛ ብሎ የሚጠራው ሰው ገና አልገጠመኝም። አሠራሩ የታወቀ ነው፦ ነዋሪው ድርሻውን ያዋጣል፣ ከተማ አስተዳደሩ ቀሪውን ይሸፍናል። ቀድሞ ያዋጣ ሰፈር ቀድሞ ይነጠፍለታል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰፈር የጎረቤቱን ሰፈር በዓይኑ ጥግ ያያል። «እነዚያ እኮ ጨረሱ» የሚለው ቃል ከማንኛውም ቅስቀሳ ይበልጣል።

አርባ የሚሆን ሰው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። የቀበሌው ምክር ቤት አባል መድረኩን ያዙ። በ2005 ዓ.ም. የተመረጡ ናቸው። የአካባቢ ምርጫ በ2010 መደረግ ነበረበት፣ ተራዘመ፤ እሳቸውም ከነወንበራቸው ተራዘሙ። ይህን ያሉት ራሳቸው ናቸው፣ ሰውም ሳቀ።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። አንድ ጥሩ ግንብ ቤት ያለው ሰው ተነሳና «የቀበሌ ቤት ተከራዮችም እኩል ማዋጣት አለባቸው፣ በመንገዱ እኩል ነው የምንሄደው» አለ። ጭብጨባ ተሰማ። ያኔ እማማ ተነሱ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም።

«ቤቱ የመንግሥት ነው ብላችሁ ጣሪያዬ ሲያፈስ ቆርቆሮ እንዳልለውጥ ከለከላችሁኝ። ደብዳቤ አምጪ አላችሁኝ። ክረምቱን በድስት አሳለፍኩት። ዛሬ መንገድ ሲሆን ቤቱ የኔ ሆነ?»

ዝም ተባለ። ያ ግንብ ቤት ያለው ሰው እንኳ ወደ መሬት አየ።

ይህን ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ከተወረሱት ቤቶች ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የሆኑት በየቀበሌው ለተቋቋሙት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዱ። የቀበሌ ቤት የሚባለው ያ ነው። ኪራዩም ከዚያ ወዲህ እምብዛም አልተነካም። እማማ በወር ዘጠኝ ብር ይከፍላሉ። ዘጠኝ ብር አንድ ማኪያቶ አይገዛም። ግንብ ቤት ያለውም ሰው ንዴቱ ከዚህ ነው። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ለዚህም ነው ስብሰባው ያላለቀው።

አንድ ነገር ልጨምር። እማማ የሚኖሩበት ቤት እስከ 1967 የአያቴ ነበር። ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት፣ ለኪራይ የሠራችው። ተወረሰ። ለእማማ ተሰጠ፤ ያኔ እማማ ሕፃን የታቀፉ ወጣት ነበሩ። አያቴ ሦስት ወር አላናገረቻቸውም ይባላል። ከዚያ አንድ ቀን አያቴ ቡና አፍልታ የሚጠጣላት ሰው አጣች፤ በአጥሩ ላይ ጠራቻቸው። እስክትሞት አብረው ጠጡ። እናቴም ቀጠለችበት። ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ እንደ ዛሬ ግን ከብዶኝ አያውቅም።

መጨረሻ ላይ ምን ተወሰነ? ኮሚቴ ተዋቀረ። አምስት ሰው። ከተከራዮችም አንድ ይግባ ተባለና እማማ ተመረጡ።

ማታ ቡና ቤት ቴሌቪዥኑ ብርቱካን ሚደቅሳ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆና መሾሟን ደጋግሞ ያሳያል። ቤቱ ጸጥ ብሎ ያዳምጣል። የምክር ቤቱ አባል ጥግ ላይ ሻይ ይጠጣሉ። አንዱ «ጋሼ፣ ወንበርዎን ሊወስዱብዎ ነው» አላቸው። «ይውሰዱልኝ!» አሉ።

ዓርብ፣ ኅዳር 14

ጥሩንባው የቀሰቀሰኝ ገና ሳይነጋ ነው። ጥሩንባ ነፊው በየመታጠፊያው እየቆመ የሟቹን ስም ይጠራል። ቀብሩ 6 ሰዓት ነው። ሟቹ የሰፈሩ ታች ጫፍ የሚኖሩ አዛውንት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ። ልጅ ሆኜ ኳሳችን ግቢያቸው ስትገባ መልሰው የሚወረውሩልን እሳቸው ነበሩ።

ደብዳቤው ዛሬ ካልተጻፈ አልቆይም፤ ሰኞ ሥራ መግባት አለብኝ። ይህን ማሰቤ አሳፈረኝ። ቢሆንም አሰብኩት።

1 ሰዓት ላይ የእድሩ ዕቃ ቤት ተከፈተ። ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ብረት ድስቱን እንሸከማለን። ጋሼ በር ላይ ቆመው የመጣውን ወጣት ስም ይይዛሉ፤ የቀረ ይቀጣል። የኔ ስም ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ግን አግዳሚ አሸከሙኝ። ገመድ ሲወጠር፣ ካስማ ሲመታ፣ ማንም ለማንም ትእዛዝ አልሰጠም። ድንኳኑ በሃያ ደቂቃ ቆመ። ማክሰኞ አንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ ለማድረግ ሦስት ሰዓት እንደፈጀብኝ ትዝ አለኝ።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ተቀመጥን። ንፍሮ ዞረ። ዙሪያዬን ሳይ የምፈልገው ሰው ሁሉ እዚያ ነው። የእድሩ ዳኛ ከፊቴ፣ ጋሼ ከጎናቸው፣ እማማ ከሴቶቹ ጋር፣ የቀበሌው ሠራተኛ ደግሞ ጥግ ላይ ጫማውን የመቃብር አፈር ነክቶት። በለቅሶ ቤት ስለ ቤት ካርታ አይወራም ብዬ ዝም አልኩ። ጋሼ ናቸው የጀመሩት።

«የዚህ ልጅ ጉዳይ አለ» አሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ከወንበራቸው ሥር የእድሩን መዝገብ አወጡ። ለክፍያ ይዘውት መጥተዋል። ረጅም፣ ጀርባው በጥቁር ጨርቅ የተለበጠ መዝገብ ነው፤ የገጾቹ ጥግ በጣት ብዛት ጠቁሯል። መጀመሪያ ላይ የአያቴ ስም አለ። ከዚያ በአንድ መስመር ተሰርዞ የእናቴ። ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉና በሌባ ጣታቸው ፊደሏን ነኩ።

«ይኸው። ሐመሩ ሐ ነው። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ስሟ ግእዝ ነው፣ በሐመሩ ነው የሚጻፈው።» ወደ ቀበሌው ሠራተኛ ዞሩ። «ካርታው ላይ ብዙኃኑን ኀ ያደረገው ማነው?»

ሠራተኛው ሠላሳ ዓመት አይሞላውም። «ጋሼ፣ እኔ አልተወለድኩም ነበር» አለ። ደግሞም ሐመሩ፣ ብዙኃኑ፣ ሃሌታው የሚሉትን ስሞች ሰምቶ አያውቅም። ጋሼ እዚያው ንፍሮ እየቆረጠሙ አስተማሩት። ዳኛው ጭናቸው ላይ መዝገቡን አንጥፈው የእድሩን ደብዳቤ ፈረሙ። ሠራተኛውም «ቢሮ እከፍታለሁ፣ 9 ሰዓት ላይ ምስክሮቹን ይዘህ ና» አለኝ።

ምስክሮቼ ጋሼ፣ ዳኛውና እማማ ናቸው። በእግር ሄድን፤ እማማ ባጃጅ አይወዱም። ቢሮ ውስጥ ሁለቱ ፈረሙ። እማማ በጣት ነው የሚፈርሙት። የማኅተም ቀለሙ ደርቋል። ሠራተኛው በሃይላንድ ክዳን ውኃ አምጥቶ ሁለት ጠብታ ጣል አደረገበት። አውራ ጣታቸውን ይዞ ቀስ ብሎ አንከባለለው። ቀለሙ ወይን ጠጅ ነው፤ የጣታቸው መስመር ግን በኩበትና በሥራ ጠፍቷል፣ ወረቀቱ ላይ ወይን ጠጅ ክብ ብቻ ቀረ። ሠራተኛው ትንሽ አየው። ምንም ሳይል ማኅተሙን መታበት።

«እናትህ ለኔ ቆርቆሮ እንዲፈቀድልኝ ስትመሰክር አራት ጊዜ እዚህ ተመላልሳለች» አሉኝ እማማ ስንወጣ። ይህን አላውቅም ነበር።

ደብዳቤውን ይዤ ወደ መስኮቷ ልጅ ሮጥኩ። 11 ሰዓት ከሩብ። ተቀበለችኝ፣ ቁጥር ሰጠችው፣ «ከአሥራ አምስት የሥራ ቀን በኋላ ይመለሱ» አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15

ጾም ገባ። ሥጋ ቤቶቹ ተዘግተዋል። ገበያው ግን ሞልቷል፤ ገብስ፣ ባቄላ፣ በግ፣ የመንዝ ባና። አንድ ባና ዋጋ ጠይቄ ሻጩ «በእጅህ መዝነው» አለኝ። መዘንኩት፣ ለአውቶቡስ ከባድ ነው፤ ሁለት ጣሳ የገብስ ቆሎ ገዝቼ ተውኩት።

ልሰናበት ስሄድ ጋሼ መዝገቡን ገልጠው ቆዩኝ። የእናቴ ስም ገና አልተሰረዘም። አራት ዓመት ሙሉ ማን ይሰርዘዋል ብለው ትተውታል። «ቤቱ ካለ እድርተኛነቱም አለ» አሉኝ። መሰረዣውን መስመር በማስመሪያ አሰመሩ፣ ከሥሩ የኔን ስም ጻፉ፣ የመመዝገቢያ ከፈልኩ። ደረሰኝ ሰጡኝ።

ሸኖ ላይ መኪናው ቆመ። ቅቤ ሻጯ መስኮቱን አንኳኳች፤ ዋጋው ከሰኞው ለስለስ ብሏል፣ የገዛም ጥቂት ነው። ቆሎዬን እየቆረጠምኩ ደረሰኙን አወጣሁት። የእናቴ ስም «በምትካቸው» ከሚለው ቃል ፊት ተጽፏል፣ በሐመሩ። ከታች በጋሼ እጅ ጽሑፍ አንድ መስመር አለ፦ «የሚቀጥለው ስብሰባ እሑድ ታኅሣሥ 7፣ ከጧቱ 2 ሰዓት። የቀረ 30 ብር ይቀጣል።»